ላክስተን ለምን አጥር የለውም? የእንግሊዝን ገጠር የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ

ቫን ነጂው (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ኖቲንግሃም ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሥራዬ ዕቃ ማድረስ ነው፤ ቫን እነዳለሁ። እናም የእንግሊዝን ገጠር ከመኪና ወንበር ላይ ሆኜ በደንብ አይቼዋለሁ ማለት እችላለሁ። አንድ ነገር የትም ብትሄዱ ያው ነው፤ አጥር። በግራም በቀኝም የቁጥቋጦ አጥር። መንገዱ ጠባብ ነው፣ አጥሩ ከቫኑ መስታወት ይረዝማል፣ ከወዲያ ማዶ ላም ይኑር ገደል አታውቁም። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወጥታችሁ ስታዩት ደግሞ አገሩ ሁሉ እንደ ዳማ ገበታ ተቆራርጧል።

ባለፈው ሳምንት ከኦለርተን ወደ ታክስፎርድ አቅጣጫ ስሄድ ጂፒኤሱ ላክስተን በምትባል መንደር ውስጥ አሳለፈኝ። ከመንደሩ ወጣ እንዳልኩ አጥሩ ድራሹ ጠፋ። ዝም ብሎ እርሻ ብቻ። መሐል ለመሐል የሣር መንገድ ይሄዳል፣ እዚህም እዚያም የእንጨት ችካል ተተክሏል። መኪናዬን አቁሜ ወረድኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ለአንድ ደቂቃ አገር ቤት የገባሁ መሰለኝ።

ሌላም የገረመኝ ነገር አለ። በሌላው ገጠር ገበሬው ቤቱን የሚሠራው ከእርሻው መሐል፣ ለብቻው ነው። ላክስተን ውስጥ ግን ትራክተሩም ጎተራውም በረቱም መንደሩ ውስጥ ነው፣ ዋናው መንገድ ዳር። የአንዳንዶቹ ቤቶች ጎናቸው ነው ወደ መንገድ የዞረው፤ ፊታቸው ወደ ግቢው ነው። ዕቃ ያስረከብኳቸውን ሴትዮ ብጠይቃቸው «ኦፕን ፊልድ ነዋ» አሉኝ፣ ልክ እኔም ማወቅ እንዳለብኝ ሁሉ። ሰዓት ስለረፈደብኝ አስፈርሜያቸው ሄድኩ። ምን ማለታቸው ነው? የሚያውቅ አለ?

ደርቢ ነኝ

የአንድ ሀብታም እርሻ ይሆናላ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትልልቅ ማሽን ለማስገባት ብዙ አጥር አፍርሰዋል። ወደ ሊንከንሻየር ብትሻገር ዛፍ እንኳ የሌለበት ሜዳ ታያለህ። ብዙ አትጨነቅበት።

የምንጃሩ

ወንድሜ ደርቢ፣ ለሌላው ቦታ ልክ ነህ። ለላክስተን ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። እዚያ አጥር አልፈረሰም፤ ከመጀመሪያውም አልታጠረም።

ኒውአርክ ስኖር አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። መጋዘን ውስጥ ሌሊት እሠራለሁ፣ በዕረፍት ቀኔ ደግሞ ገጠር ለገጠር በእግሬ አዘግማለሁ። ባለቤቴ «እረኛ ሆነህ ቀረህ» ትለኛለች። ላክስተን ስንቴ እንደሄድኩ አልቆጥረውም። ስለዚህ ትንሽ ላርዝመው፤ ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ድሮ የመካከለኛው እንግሊዝ መንደር አብዛኛው እንዲህ ነበር። መንደሩ መሐል ላይ ይቀመጣል። ዙሪያውን ሁለት ወይም ሦስት ትልልቅ እርሻ አለ። እያንዳንዱ እርሻ አጥር በሌለው ቀጫጭን ማሳ ይከፈላል፣ የአንዱ ገበሬ ማሳ ደግሞ በሦስቱም እርሻ ውስጥ ተበታትኖ ነው የሚገኘው። ለሙ ለአንዱ፣ ውኃ የሚተኛበት ለሌላው እንዳይሆን ጥሩውንም መጥፎውንም ሁሉም ይቀምሰዋል። ሴትዮዋ «ኦፕን ፊልድ» ያሉህ ይህንኑ ነው፣ ያልታጠረ እርሻ ማለት ነው። የላክስተን ሦስቱ እርሻዎች ዛሬም ስማቸው አለ፤ ዌስት ፊልድ፣ ሳውዝ ፊልድ እና ሚል ፊልድ። ሦስቱ ተደምረው 480 ኤከር ገደማ ናቸው፣ 194 ሄክታር ያህል ማለት ነው።

አዘራሩ በዙር ነው። አንዱ እርሻ በመጸው፣ ማለትም በኦክቶበር ገደማ ስንዴ ይዘራበታል። ሁለተኛው ክረምቱ ካለፈ በኋላ በማርች ገደማ ገብስ ወይም ባቄላ ይገባበታል። ሦስተኛው ጦሙን ያድራል። በዓመቱ ይዟዟራሉ። አሁን አሁን ጦም አዳሪው ላይ የከብት መኖ የሚሆን ሣር ይዘሩበታል እንጂ ዙሩ ያው ነው። ማንም ብቻውን ተነሥቶ «እኔ ዘንድሮ ስንዴ አሰኘኝ» ማለት አይችልም። ጎረቤቱ ሣር በሚያበቅልበት እርሻ መሐል ስንዴ ይዞ ምን ሊሆን ነው!

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ኤከር የሚሉት ልኬት መነሻው በሬ ጠምደው በአንድ ቀን የሚያርሱት መሬት ነው። በአጭሩ የእኛው ጥማድ ነዋ! ስፋቱ ቢለያይም አስተሳሰቡ አንድ ነው። ፈርሎንግ የሚሉት ደግሞ የአንድ ትልም ርዝመት ማለት ነው፣ 201 ሜትር ገደማ። ትልምን ራሱን «ፈሮው» ይሉታል፤ ከእኛ «ፈር» ጋር መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው፣ ግን ባየሁት ቁጥር ያስቀኛል።

አጥሩ ከየት መጣ ካልክ፣ ከፓርላማ ነው። ከ18ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ለመቶ ዓመት ያህል ፓርላማው 4,000 ገደማ አዋጅ አወጣ። በየመንደሩ የተበታተነው ማሳ ተሰብስቦ ለየባለቤቱ በአንድ በአንድ ቦታ ተሰጠ፣ ወዲያው በእሾህ ቁጥቋጦ ታጠረ። የጋራ ግጦሹም አብሮ ሄደ። ሰፊ መሬት የነበረው ተጠቀመ፤ አንዲት ላም በጋራ ሣር ላይ የሚያበላ ድኃ ግን ላሟን ሸጠ። አንተ ከቫኑ መስታወት የምታየው አጥር፣ በተለይ በእኛ አካባቢ፣ ብዙው የዚያ ዘመን ነው። ገበሬው መሬቱ አንድ ቦታ ሲጠቃለልለት ከመንደር ወጥቶ እርሻው መሐል ቤት ሠራ። ላክስተን ግን መሬቱ በሦስት አቅጣጫ እንደተበተነ ስለቀረ፣ ለሁሉም የሚቀርበው መሐሉ መንደሩ ነው። ለዚህ ነው ትራክተሩን መንገድ ዳር ያየኸው።

ላክስተን እንዴት አመለጠች? አንድ ሰው አስቦበት «ይህ ቅርስ ነው» ብሎ አላዳናትም። እንዲያውም ዙሪያዋን ያለው መሬት በ1700ዎቹ ቀስ በቀስ ታጥሯል። ሦስቱ እርሻ የተረፈው መሬቱ በሁለት ትልልቅ ጌቶች መሐል ስለተከፈለ ነው። አንደኛው የፒርፖንት ቤተሰብ፣ በኋላ ኧርል ማንቨርስ የተባሉት (ኧርል የመኳንንት ማዕረግ ነው)፤ ሁለተኛው የስካርብሮው ኧርል። ከመሐላቸው ደግሞ ትናንሽ ባለርስቶች አሉ። ለመለዋወጥ መስማማት ነበረባቸው፣ አልተስማሙም። በቃ። አለመግባባት መንደር ሲያድን ያየሁት እዚህ ብቻ ነው።

አፈሩም የራሱ ነገር አለው። ቀይ ሸክላ ነው። ሲረጥብ እንደ ዋልካ ጫማህን አውልቆ ያስቀርብሃል፣ ሲደርቅ ጡብ ይሆናል። ጡብ መሆኑንም ቤቶቹን ስታይ ታምናለህ፣ መንደሩ ሁሉ ቀይ ጡብ ነው። ከእርሻዎቹ መሐል በጣም ረግረግ የሆነውን ወይም ያዘቀዘቀውን ቦታ ማረሻ አይነካውም፣ ሣሩን ይተዉታል። «ሳይክስ» ይሉታል። ዘመኑን ሁሉ ስላልታረሰ በጁን ወር አበባ በአበባ ነው። ሣሩ በየዓመቱ ለጨረታ ይቀርባል፣ የገዛው አጭዶ ድርቆሽ ያደርገዋል። ቦታውም በሕግ የተጠበቀ ነው።

አሁን ወደ ችካሉ ልምጣ፣ ዋናው ወሬ እሱ ነውና።

ድንበር መግፋት የሚባለውን ነገር አገር ቤት ያደግን ሁላችን እናውቀዋለን። አባቴና ጎረቤታችን በአንድ ክንድ መሬት ስንት እሑድ ዋርካ ሥር ተቀምጠዋል! እዚህም ያው ነው። አጥር ከሌለ ማረሻ ወደ ጎን ይሄዳል፣ በዓመት አንድ ጫማ፣ በሁለት ዓመት ሁለት። ወደ ጎረቤት፣ ወደ መንገዱ፣ ወደ ሳይክሱ። ስለዚህ ችሎት አላቸው፤ «ኮርት ሊት» ይባላል። በየዓመቱ አሥራ ሁለት ሰው በዳኝነት ይሰየማል፤ ራሳቸው ገበሬዎቹ ናቸው። በኖቬምበር የመጨረሻው ሐሙስ ስንዴ የተዘራበትን እርሻ ይዞራሉ።

አንድ ዓመት ከመንገዱ ዳር ቆሜ አየኋቸው። ትራክተር ተጎታች ይጎትታል፣ ሰዎቹ ከኋላው ተሳፍረዋል፣ ኮፍያና ቦቲ ጫማ። ስንዴው ገና የጣት ርዝመት ነው፣ አረንጓዴ። በየማሳው ጫፍ ይወርዳሉ። አንዱ ጎንበስ ብሎ የሣሩንና የእርሻውን መጋጠሚያ በእግሩ ይለካል፣ ሌላው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ከአንዱ ችካል ወደ ሌላው ያነጣጥራል። ችካሉ ጠፍቶ ከሆነ አዲስ ያመጡና በመዶሻ ይመቱታል። ጭቃው «ጭልቅ» ይላል። ብዙ አያወሩም። አንድ ቦታ ላይ ግን አራት ሰው ተሰብስቦ ቆመ፣ አንዱ ፈገግ አለ፣ አንዱ አንገቱን ደፋ። ማን መንገዱን እንደበላ የገባኝ ያኔ ነው። ገፊው ከዳኞቹ አንዱ ነበር!

ከዚያ መንደሩ ውስጥ ያለው ደቭኮት የሚባል መጠጥ ቤት ይገባሉ። ምሳ ይበላል፣ ቅጣቱም እዚያው ይመከርበታል። እኔም ተከትዬ ገባሁ። የገና ጾም ገብቶ ስለነበር ሻይና ድንች ይዤ ጥግ ተቀመጥኩ። ቅጣቱ ጥቂት ፓውንድ ነው፣ ማንንም አያደኸይም። ማፈሩ ነው የሚከብደው። በሳምንቱ ደግሞ ችሎቱ እዚያው መጠጥ ቤት ውስጥ ይሰየማል፤ ቅጣቱ ይነበባል፣ ለሚቀጥለው ዓመት አዲስ ዳኞች መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ይምላሉ። ጨዋታ እንዳይመስልህ። ፓርላማው በ1977 የአሮጌ የርስት ችሎቶችን ሥልጣን ሲያነሣ፣ የላክስተን ችሎት እርሻውን ማስተዳደሩን እንዲቀጥል ተውለታል።

ቫን ነጂው

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ሻይ እረፍት ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት፣ አለቃዬ ሁለቴ ጠራኝ። ግን አንድ ጥያቄ ቀረኝ። እርስዎ እንደነገሩኝ ማሳዎቹ ቀጫጭን መሆን አለባቸው። እኔ ያየኋቸው ሰፋፊ ናቸው። አንዱ ማሳ የሰፈራችንን ኳስ ሜዳ ያህላል።

ደርቢ ነኝ

እኔም ያንኑ ልል ነበር። የምንጃሩ፣ ትረካው ደስ ይላል፣ ግን ትንሽ ለቱሪስት የተዘጋጀ አይመስልህም? በጂፒኤስ የሚነዳ ትራክተር ይዞ ችካል በመዶሻ መምታት... ሙዚየም ነው በለው።

ካርታ ወዳጅ

ስለ ማሳው ስፋት እኔ ልመልስ፤ ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ ስማር አንድ ሴሚስተር ሙሉ ላክስተንን ነው የሠራነው።

ቫን ነጂው፣ ዓይንህ ልክ ነው። ማሳዎቹ ድሮ በጣም ብዙ፣ በጣም ቀጫጭን ነበሩ። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ኧርል ማንቨርስ እያጣመሩ ቁጥራቸውን ቀነሱት፣ ስፋታቸው ጨመረ። ማሽን የሚያስገባቸውም ለዚህ ነው።

የድሮውን ማየት ከፈለግክ ካርታ አለልህ። በ1635 የመንደሩ ባለቤት ሰር ዊሊያም ኮርተን የሚባል የለንደን ነጋዴ ነበር። መሬቱን ሲገዛ የገዛውን ማወቅ ፈለገ መሰለኝ፣ ማርክ ፒርስ የተባለ ቀያሽ ቀጠረ። ፒርስ እያንዳንዷን ማሳ፣ የያዛትን ሰው ስም ከሚዘረዝር መዝገብ ጋር፣ በካርታ አሰፈረ። ካርታው ዛሬ ኦክስፎርድ፣ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ነው። እኔ የምወደው ማሳዎቹን አይደለም፤ በየእርሻው መሐል የተሣሉትን ትናንሽ ሰዎች ነው። አንዱ ያርሳል፣ አንዱ ያጭዳል፣ ጌቶቹ ደግሞ ውሻ አስከትለው ያድናሉ። ሚል ፊልድም ስሙን ያገኘው ከወፍጮው ነው።

ካርታውን ከዛሬው የሳተላይት ፎቶ ጎን አስቀምጠህ ብታየው፣ የመንገዶቹና የቤት ቦታዎቹ መልክ ያው ነው። ከዋናው መንገድ ጀምሮ ወደ ኋላ የሚዘልቁ ረጃጅም ጓሮዎች። ሌላም አለ፤ የድሮ ትልም ቀጥ ያለ አልነበረም። ብዙ በሬ የተጠመደበት ረጅም ቀንበር ጫፍ ላይ ሲደርስ በአንዴ መዞር ስለማይችል፣ ገበሬው ቀድሞ ማጠፍ ይጀምራል። ትልሙም ቀስ ብሎ እንደ እባብ ይጎብጣል። ያ ጉብጠት በብዙ የእንግሊዝ ግጦሽ መሬት ላይ ከሣሩ ሥር ዛሬም ይታያል፣ በተለይ ፀሐይ ዝቅ ስትል። በሬዎቹ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው፣ መዞሪያቸው ግን አለ።

ቤተ ክርስቲያኑንም እንዳትዘል። ቅዱስ ሚካኤል ነው። ውስጡ የኤቨሪንግሃም ቤተሰብ ምስሎች አሉ፣ ከእንጨት የተቀረጸች አንዲት ሴትም አለች። ከመንደሩ በስተሰሜን ደግሞ የኖርማኖች፣ ማለትም ከፈረንሳይ መጥተው እንግሊዝን የያዙት ሰዎች፣ ቤተ መንግሥት የነበረበት የአፈር ጉብታ አለ፣ ድንጋዩ የለም፣ ሣር ለብሷል። እዚያ የነበሩት ሰዎች የሸርውድ ጫካ የንጉሡ ጠባቂዎች ነበሩ። ሮቢን ሁድን ከሚያሳድዱት ወገን ማለት ነው፤ ፊልሙን ካያችሁ።

የምንጃሩ

ካርታ ወዳጅ፣ እህቴ፣ ተባረኪ። ስለ በሬዎቹ መዞሪያ አላውቅም ነበር። ያቺን የእንጨት ሴት ግን አውቃታለሁ፣ በገባሁ ቁጥር ሰላም እላታለሁ።

ደርቢ፣ ሙዚየም ላልከው። ሙዚየም ውስጥ ያለ ሰው ማታ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እነዚህ ግን ኪራይ የሚከፍሉ ገበሬዎች ናቸው፣ ስንዴው ካልያዘ የሚከስሩት እነሱ ናቸው። ትንሽ ኤግዚቢሽን ከመጠጥ ቤቱ ግቢ አለ፣ አልክድም። ግን የመግቢያ ትኬት የሚቆርጥ የለም፣ ልብስ ቀይሮ የድሮ ገበሬ የሚሆንልህም የለም።

ይልቅ የሚያሳስበው ባለቤትነቱ ነው። በ1952 የማንቨርስ ቤት መሬቱን ለእርሻ ሚኒስቴር ሸጠ፤ ሚኒስቴሩ የገዛው አሠራሩ እንዲቀጥል ብሎ ነው። በ1981 ወደ ክራውን ኢስቴት ዞረ፣ የዘውዱን ንብረት ወደሚያስተዳድረው ማለት ነው። በ2018 ደግሞ ክራውን ኢስቴት ልሸጥ ነው አለ። ያኔ መጠጥ ቤቱ ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። ማን ይገዛዋል? ገዝቶስ ቢያጥረው? አንድ የማላውቀው ሽማግሌ፣ እኔን ለምን እንደመረጠ እንጃ፣ ቢራውን ይዞ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና «አንተ አገር ችካል አለ?» አለኝ። ድንጋይ ነው የምንተክለው አልኩት። ትንሽ አሰበና «ድንጋይ ይሻላል፣ አይበሰብስም» አለ። በቃ፣ ያንኑ ብቻ ብሎ ተነሣ።

በ2020 ቶርዝቢ ኢስቴት ገዛው። ቶርዝቢ ማለት የእነዚያው የማንቨርሶች ርስት ነው። ዞሮ ዞሮ ከ68 ዓመት በኋላ ወደ ወጣበት ቤት ተመለሰ። ጥሩ ይሁን መጥፎ ገበሬዎቹ ይንገሩህ። እኔ ከዚያ ወዲህም ሄጃለሁ፣ ችካሉ አለ።

ደርቢ ነኝ

እሺ ተሸነፍኩ። ሙዚየም ያልኩትን አንሥቻለሁ። ግን የገዛ መንገዱን ያረሰው ዳኛ ምን ተፈረደበት?

የምንጃሩ

ከፈለ። እየሳቁበት ከፈለ። በሚቀጥለው ዓመት ሳልፍ የእሱ ማሳ ጫፍ ከሁሉም ቀጥ ያለ ነበር፣ በገመድ የተለካ ይመስል ነበር።

ቫን ነጂው

በቃ ኖቬምበር መጨረሻ ሐሙስ ዕረፍት እጠይቃለሁ። ጋሼ፣ ከፈቀዱልኝ አብሬዎት ልምጣ? ምን ልያዝ? በእርሻው ውስጥ መሄድ ይፈቀዳል?

የምንጃሩ

ና እንጂ፣ ምን ፈቃድ አለው። ቦቲ ጫማ ያዝ፣ ስኒከር አድርገህ እንዳትመጣ። ያየኸው የሣር መንገድ ላይ እግረኛ መሄድ ይችላል፣ ስንዴው ላይ ግን እንዳትረግጥ፤ ለእነሱ መስመሩ ከአጥር በላይ ነው። ቫኑን ሣሩ ዳር አታቁመው። አንድ ጊዜ አንዱ አቁሞ ትራክተር እስኪጎትተው ሁለት ሰዓት ፈጀ፣ ከዚያ ደግሞ ጎማው የቆፈረውን ለመሙላት አካፋ ተሰጠው። ከመጠጥ ቤቱ በር ላይ እጠብቅሃለሁ፣ ቀይ ኮፍያ አደርጋለሁ። ጾም ከሆንክ አስቀድመህ ንገረኝ፣ ድንቹን በምን ዘይት እንደሚጠብሱት እጠይቅልሃለሁ።